ጩኸቱ ከሬዲዮው ሲቀድም

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤዝቦል ነው። እዚህ ካለው ሰው አብዛኛው የአርሰናል ወይም የማንቼ ደጋፊ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም የእግር ኳስ ልጅ ነኝ። ደምሴ ዳምጤ ጨዋታ ሲያስተላልፍ ጆሮዬን ሬዲዮው ላይ ለጥፌ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሜዳውን ሳልረግጥ ሣሩን፣ ተከላካዩን፣ የተመልካቹን ግርግር ያየሁት በእሱ ድምፅ ነው። ይህን የማነሳው ቤዝቦልንም የያዝኩት በዚያው መንገድ፣ በጆሮዬ ስለሆነ ነው።

ዲሲ ውስጥ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ማታ ማታ ሰው ስጠብቅ 106.7 የሚባለውን የሬዲዮ ጣቢያ እከፍታለሁ። ቻርሊ ስሎውስና ዴቭ ጄግለር የሚባሉ ሁለት ሰዎች የናሽናልስን ጨዋታ ያስተላልፋሉ። ናሽናልስ የከተማችን ቡድን ነው፤ ደጋፊው በቁልምጫ ናትስ ይለዋል። መጀመሪያ ላይ ከሚሉት ግማሹ አይገባኝም ነበር። ግን ድምፁ ደስ ይለኛል። ከኋላቸው የሕዝቡ ጉምጉምታ አለ። ቢራ ሻጩ ሲጣራ ይሰማል። አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱም ለአፍታ ዝም ይላሉ፤ ወርዋሪው ኳሱን ይዞ እያሰበ ነው ማለት ነው። እኔን የሳበኝ እሱ ዝምታ ነው።

ቀስ በቀስ ጨዋታው ገባኝ። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ቤዝቦል ሰዓት ሲሞላ አያልቅም። 9 ዙር አለ፤ ኢኒንግ ይሉታል። በእያንዳንዱ ዙር 3 ሰው እስኪወጣበት፣ ማለትም ከመምታት ተራው እስኪሰናበትበት ድረስ ቡድኑ ይመታል። መቺው ቤዝ የሚባሉትን ሦስት ማረፊያዎች ዞሮ ወደተነሳበት ሲመለስ አንድ ነጥብ ነው። 27 ሰው ሳይወጣበት ማንም አልተሸነፈም። በእግር ኳስ አንድ ለባዶ እየመራህ ማዕዘን ላይ ኳስ ይዘህ ሰዓት ትገድላለህ። እዚህ የምትገድለው ሰዓት የለም። ብትመራም ባትመራም ኳሱን ለተጋጣሚህ መወርወር አለብህ። እሱ ደግሞ ዱላ ይዞ ይጠብቅሃል። ይህን አንዴ ከያዛችሁ የቀረው ሕግ ሁሉ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

መደበኛው ውድድር 162 ጨዋታ ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። አንድ ሽንፈት ማንንም አይገድልም፤ ነገ ሌላ ጨዋታ አለ። ከዚያ ጥቅምት ሲቃረብ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም የተሻሉት ቡድኖች ለዋንጫ የሚፋለሙበት ውድድር፣ ይመጣል፤ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። እኛ "በጥቅምት አንድ አጥንት" እንላለን፤ ብርዱን ለመቋቋም። የቤዝቦል ደጋፊ አጥንትም ጥቅምት ላይ ነው። ስድስት ወር ሙሉ የተለፋበት ነገር በሦስት አራት ምሽት ይወሰናል። ወርዋሪው ኳሷን በለቀቀ ቁጥር ሆድህ ይንቦጫቦጫል። በጋውን ሙሉ ከቡድኑ ጋር ያልነበረ ሰው ግን ይህን ሆድ አያገኘውም። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ አጥብቄ የማምነው ይህንን ነው። ፕሌይኦፍ ላይ ብቻ ቴሌቪዥን የሚከፍት ሰው ጨዋታውን ያያል፤ ሰዎቹን ግን አያውቃቸውም። ቡድኑ ሲያሸንፍ ደስ ይለዋል፤ ሲሸነፍም እንቅልፉን ይተኛል።

አንድ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት አሳፈርኩ። ሬዲዮው ላይ ጨዋታ ነበር። ላጠፋው እጄን ስሰድድ "ተወው ልጄ፣ ይጫወት" አሉኝ። ጆርጂያ ጎዳና ላይ ትንሽ እንደሄድን ወደ ኋላ ዞረው በጣታቸው አሳዩኝ። "ያ ሆስፒታል የቆመበት ቦታ ስታዲየም ነበር" አሉኝ።

ያን ሰፈር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክትፎ የምንበላበት፣ ቡና የምንጠጣበት 9ኛ ጎዳና በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። እዚያ ግሪፊዝ የሚባል ስታዲየም እንደነበረ ግን አላውቅም ነበር። አዛውንቱ ልጅ ሳሉ አባታቸው እየያዙ ይወስዷቸው ነበር። ሆምስቴድ ግሬይስ የተባለውን የጥቁሮች ቡድንና ታላቁን መቺውን ጆሽ ጊብሰንን እዚያ አይተዋል። ያኔ ጥቁር ተጫዋች ሜጀር ሊግ፣ ማለትም ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ውስጥ አይገባም ነበር፤ የራሳቸው ሊግ ነበራቸው። የነጮቹ ቡድን ሴናተርስ ይባላል። ሴናተርስ ወርልድ ሲሪስን፣ ማለትም የመጨረሻውን ዋንጫ፣ ያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1924። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። 7ኛው ጨዋታ 12ኛው ዙር ላይ ደርሷል። መሬት ለመሬት የሄደች ኳስ ጠጠር መታች ተባለ፤ ነጥራ በተከላካዩ አናት ላይ አለፈች። በዚያች ጠጠር ዋሽንግተን 4 ለ 3 አሸነፈች። ታሪኩን ለአዛውንቱ የነገሯቸው አባታቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። ከ1960 ውድድር በኋላ ቡድኑ ወደ ሚኒሶታ ሄደ። በምትኩ የተቋቋመውም ከ1971 በኋላ ወደ ቴክሳስ ተወሰደ። ለ33 ዓመት የአሜሪካ ዋና ከተማ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል አልነበራትም። ናሽናልስ ከሞንትሪያል የመጣው በ2005 ነው። "ሁለቴ ተወስዶብናል" አሉኝ አዛውንቱ፤ ሁለት ጣታቸውን በመስታወቱ አሳይተውኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡድኑ የእኔም ሆነ። ከመኪናው ሲወርዱ ጨዋታው ስላላለቀ በሩን ከፍተው ትንሽ ቆመው ሰሙ። እኔም ቆምኩላቸው። ሂሳቡን ቀድሜ ዘግቼው ነበር።

አሁን ወደ ጥቅምት ልሂድ።

በ2012 ናትስ 98 ጨዋታ አሸንፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይኦፍ ገቡ። ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር 5ኛው፣ ወሳኙ ጨዋታ እዚሁ ዲሲ ነው። 6 ለ 0 መሩ። እኔ ስታዲየሙ አጠገብ ታክሲዬን አቁሜ እሰማለሁ። 9ኛው ዙር ሲገባ 7 ለ 5 ሆኗል፤ አሁንም እየመሩ ነው። ሁለት ሰው ወጥቷል። አንድ ስትራይክ ብቻ ቀርቷል፤ ስትራይክ መቺው የሳታት ወይም ዝም ብሎ ያሳለፋት ጥሩ ኳስ ናት፣ ሦስት ስትሆን ይወጣል። ያችን አንዷን ስትራይክ ማግኘት አቃታቸው። 4 ነጥብ ገባባቸው፤ 9 ለ 7 ተሸነፉ። ሰው ከስታዲየሙ ሲወጣ አየሁት። ከአርባ ሺህ በላይ ሕዝብ ነው፤ ድምፅ የለም። የጫማ ኮቴ ብቻ ነው የሚሰማው። ከቀብር የሚመለስ ይመስላል። ባልና ሚስት አሳፈርኩ። እስከ ቤታቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም ሬዲዮውን ዘጋሁት።

በ2014 ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር 18 ዙር ተጫውተው 2 ለ 1 ተሸነፉ። ከስድስት ሰዓት በላይ የፈጀ ጨዋታ ነው። በ2016 ዶጀርስ፣ በ2017 ከብስ አስወጧቸው፤ ሁለቱም 5ኛው ጨዋታ ላይ። አራት ጊዜ ገብተው አራቱንም ጊዜ እዚያው የመጀመሪያው በር ላይ ቀሩ። "ለምን ትደግፋቸዋለህ?" የሚሉኝ ጓደኞች ነበሩኝ። መልሴ አንድ ነው። የከተማዬ ቡድን ነው። እኔ የተጎዳሁበትን ነገር ያ ጥግ ላይ ፓርኪንግ የሚሠራው ልጅም፣ የሜትሮ ነጂዋም፣ ባንክ ውስጥ ያለችው ሴትዮም ተጎድተዋል። በማግስቱ ጠዋት ተያይተን እንተዛዘናለን። በዚህ አገር ከማላውቀው ሰው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሥራ ጉዳይ ያወራሁት በዚያ ሽንፈት ማግስት ነው።

በ2019 ትልቁ ኮከባቸው ብራይስ ሃርፐር ወደ ፊላደልፊያ ሄዷል። ውድድሩ ሲጀመር ቡድኑ ፈረሰ ማለት ይቻላል። በግንቦት አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከ50 ጨዋታ 19 ብቻ አሸንፈው 31 ተሸንፈዋል። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር የሚለው ድምፅ በረታ። እኔ መስማቴን አልተውኩም። ሄራርዶ ፓራ የሚባል ተጫዋች በዚያው ሰሞን መጣ። ለመምታት ሲወጣ የትንንሽ ልጆችን የሻርክ ዘፈን ማስከፈት ጀመረ፤ ልጁ ስለምትወደው ነው። ስታዲየሙ ሙሉ እጁን እንደ ሻርክ አፍ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ያኔ የእኔም ልጅ ትንሽ ነበረች። እራት ላይ እንጀራዋን ትታ እጇን እንደዚያ ታደርግ ነበር። ከዚያ ክፉ ግንቦት በኋላ ናትስ 74 አሸንፈው 38 ብቻ ተሸነፉ። በ93 ድል ፕሌይኦፍ ገቡ።

የመጀመሪያው በር ዋይልድ ካርድ ይባላል። ያኔ አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ጥሎ ማለፍ። መስከረም 20 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1፣ ሚልዋኪ ብሩወርስ ዲሲ መጡ። እኔ ኔቪ ያርድ ስታዲየሙ አጠገብ፣ ታክሲዬ ውስጥ ነኝ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌዋለሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሬዲዮው ከእውነተኛው ጨዋታ ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ አጠገቡ ሆኖ የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው የሕዝቡ ጩኸት ነው። ምን እንደሆነ አያውቅም። ከዚያ ሬዲዮው መጥቶ ይነግረዋል።

8ኛው ዙር ላይ 3 ለ 1 እየተመሩ ነው። የሚወረውረው ጆሽ ሄደር ነው፤ ያን ዘመን ከሁሉም የሚፈራው። ሁለት ሰው ወጥቷል። አንዱ የተወረወረችው ኳስ ሰውነቱን መትታው ቤዝ ይዟል። ራያን ዚመርማን ሊመታ ወጣ። በ2005፣ ቡድኑ በመጣበት ዓመት፣ መጀመሪያ የመረጡት ልጅ ነው። ዱላው ተሰበረ፤ ኳሷ ግን ሜዳ ላይ አረፈች። አንቶኒ ሬንዶን በትዕግሥት አራት መጥፎ ኳስ አሳልፎ ቤዝ ያዘ። ሦስቱም ቤዝ ሞላ። ሁዋን ሶቶ ሊመታ ወጣ። የ20 ዓመት ልጅ ነው።

ሬዲዮው ላይ ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ መሃል ስታዲየሙ ፈነዳ። በመስኮቴ ገባ ጩኸቱ። መሪውን ጨብጬ ደርቄ ቀረሁ። ደስታ ይሁን ድንጋጤ መለየት አይቻልም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። ከዚያ የስሎውስ ድምፅ መጣ፦ ሶቶ መታ፣ ኳሷ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ተከላካዩን አለፈችው። አንዱ ገባ፣ ሁለተኛው ገባ፣ ሦስተኛው ገባ! 4 ለ 3። ከመኪናው ወጣሁ። ከኋላዬ የቆመው ታክሲ ነጂም ሐበሻ ነው፤ ከዚያ በፊት አውርተን አናውቅም። "ምን ሆኑ?" አለኝ። ምን እንደሆኑ ሳልነግረው አቀፍኩት።

ቀጥሎ በዚያ ዓመት 106 ጨዋታ ያሸነፉት ዶጀርስ ናቸው። እንደገና 5ኛ ጨዋታ፣ እንደገና 3 ለ 1 መመራት፣ እንደገና 8ኛው ዙር። ጨዋታው ሎስ አንጀለስ ስለሆነ እዚህ መሽቷል። ሬንዶን ሆም ራን መታ፤ ኳሷን አጥር አሻግሮ ነጥብ አገባ ማለት ነው። ሶቶ ሊመታ ወጣና በሚቀጥለው ኳስ ደገመው። የሚወረውረው ክሌይተን ከርሾ፣ ከዘመኑ ታላላቆች አንዱ ነው። 10ኛው ዙር ላይ ሃዊ ኬንድሪክ ሦስት ሰው ቤዝ ላይ እያለ ኳሷን አጥር አሻገራት፤ ግራንድ ስላም። 7 ለ 3። እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ዩኒየን ስቴሽን ተሰልፈን ከቆምነው ታክሲዎች ሁለቱ ክላክሳቸውን ሲያስጮሁ ሰማሁ። ካርዲናልስን ደግሞ 4 ለ 0 ጠረጓቸው። የ2012ቱ ቁስል በአራት ጨዋታ ተዘጋ።

ወርልድ ሲሪስ ላይ የገጠሙት ሂዩስተን አስትሮስን ነው፤ 107 ድል ያላቸውን። ዲሲ ለመጨረሻ ጊዜ ወርልድ ሲሪስ ላይ ቀርባ ከተሸነፈች 86 ዓመቷ ነበር። ሂዩስተን ሄደው ሁለት አሸነፉ። ዲሲ መጥተው ሦስት ተሸነፉ። ተመልሰው ሄደው 6ኛውን አሸነፉ። ሰባት ጨዋታ ሙሉ ባለሜዳው አንድም ቀን አላሸነፈም፤ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም። ማክስ ሸርዘር 5ኛውን ጨዋታ ሊወረውር ተይዞ አንገቱ ተቆለፈበት። ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቅቶት ባለቤቱ ናት ያለበሰችው። ከሦስት ቀን በኋላ 7ኛውን ጨዋታ ይዞ ወጣ፤ 5 ዙር ወረወረ።

ያን ማታ፣ ጥቅምት 19፣ ሥራ አልገባሁም። 9ኛ ጎዳና ላይ ወዳለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ሄድኩ። እዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ ሁሌም እግር ኳስ ነው። ባለቤቱን "ጋሼ፣ ዛሬ ብቻ" አልኩት። ፊቴን አይቶ ቀየረልኝ። ሰዎቹ መጀመሪያ ጀርባቸውን ሰጥተው ያወሩ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንዱ "ይሄ ሰውዬ ለምንድነው የቆመው?" አለ። ነገርኩት። ሌላው ሌላ ጠየቀ። ነገርኩት። እንዲህ እንዲህ እያለ ወንበራቸውን አዞሩ። ሳላስበው ቆሜ በአማርኛ ጨዋታ ማስተላለፍ ጀመርኩ። "ወርዋሪው እያሰበ ነው... ወረወረ... አልነካትም! ስትራይክ!" እያልኩ። ዕድሜ ልኬን በጆሮዬ የያዝኩት ድምፅ ከአፌ ወጣ።

እስከ 7ኛው ዙር 2 ለ 0 እየተመራን ነው። ዛክ ግሬንኪ መቺዎቻችንን ቀፍድዶ ይዟቸዋል። ሬንዶን ሆም ራን መታ፤ 2 ለ 1። ሶቶ ያለ ምት ቤዝ ያዘ። ግሬንኪን አወጡት፣ ዊል ሃሪስ ገባ። የሚመታው ኬንድሪክ ነው፤ 36 ዓመቱ ነው። ኳሷ ወደ ውጪ ጥግ ዝቅ ብላ መጣች። መታት። ወደ ቀኝ ሄደች፣ ሄደች። የሜዳው ጠርዝ ላይ የተተከለ ረጅም ቢጫ ቋሚ አለ፤ ኳሷ እሱን መታችና ጓ! አለች።

ምግብ ቤቱ በሙሉ "አይይይ!" አለ። ሁሉም ጭንቅላቱን ያዘ። የእግር ኳስ ሰው ነዋ! ቋሚ መታ ማለት ለእሱ ሳተ ማለት ነው። በቤዝቦል ቋሚው የሜዳው አካል ነው። እሱን የመታች ኳስ ሆም ራን ናት። እኔ ብቻዬን ወንበር ላይ ወጥቼ "ገባ! ገባ! ቋሚው የእኛ ነው!" እያልኩ እጮሃለሁ። ሃያ ሰው ጭንቅላቱን እንደያዘ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ገባቸው። እልልታውን ያስጀመረችው ኩሽና የነበረችው ሴት ናት፤ እጇ ላይ ሊጥ ነበረ። 3 ለ 2። መጨረሻው 6 ለ 2 ሆነ። ከ95 ዓመት በፊት ጠጠር፣ አሁን ቋሚ። ያ ስታዲየም የነበረበት ቦታ ካለንበት ጥቂት ደቂቃ ነው። አዛውንቱን አሰብኳቸው። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኮንስቲትዩሽን ጎዳና ላይ ሰልፉ ተደረገ። ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሄድኩ። እጇ በጋው ላይ እንደለመደው ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ቀጣዩ ዓመት ኮሮና ነው። ውድድሩ በሐምሌ ተጀመረ፤ ጁላይ 23፣ 2020፣ ባዶ ስታዲየም ውስጥ። ሻምፒዮኖቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ሲወጡ የሚያጨበጭብላቸው ደጋፊ የለም። ሶቶም ያን ቀን ምርመራው ፖዘቲቭ ሆኖ አልተጫወተም። እኔ እዚያችው ቦታ ላይ አቆምኩ። መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ። ሬዲዮው ላይ በማሽን የተቀዳ የሕዝብ ድምፅ ይሰማል። ለጆሮ ግን አልመጣልኝም። 6ኛው ዙር ላይ ዶፍ ዝናብ መጣና ጨዋታው ተቋረጠ፤ ያንኪስ 4 ለ 1 አሸነፉ። መስኮቴን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዋንጫው ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። ሬንዶን ሄደ። ዚመርማን ጫማውን ሰቀለ። ሶቶን በ2022 ለሳን ዲዬጎ ሰጡት፤ ያን ቀን ልጄ አለቀሰች። እስከ 2025 ድረስ ናትስ አንድም ጊዜ ፕሌይኦፍ አልገቡም። እኔ አሁንም በየማታው እሰማለሁ። ሰው ጠዋት ጋዜጣ እንደሚያነበው ነው የምሰማው። ስሎውስ ድል ሲገኝ የሚላት ነገር አለች፤ ኮፍያው ላይ ያለችውን ፊደል ይዞ፣ "ጠምዛዛዋ ደብልዩ መዝገብ ላይ ሰፍራለች" ይላል። ሲሸነፉ አይላትም። በዓመት ስልሳ ሰባ ጊዜ ብሰማት ይበቃኛል።

አንድ ቀን ብቻ ልጨምርና ላብቃ። ኤፕሪል 6፣ 2021። ከወረርሽኙ በኋላ ተመልካች ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም የገባበት ቀን ነው። የተፈቀደው 5,000 ሰው ብቻ ነው። ከአትላንታ ብሬቭስ ጋር ነው የሚጫወቱት። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ፀሐይ አለ። ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ ናት፤ ማስክ አድርጋለች። እዚያችው ቦታ አቆምን። 9ኛው ዙር፣ 5 ለ 5። ሶቶ ሊመታ ወጣ። ሬዲዮው ዝም አለ። ልጄ "አባ፣ መስኮቱን!" አለችኝ። ዝቅ አደረግኩት። መጣ ጩኸቱ፤ የአምስት ሺህ ሰው ነው፣ ትንሽ ነው፣ ግን የሰው ነው። ልጄ ጣቷን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።